የትኛውን ሮም እንጫን? ስልክ መነካካት ለሚወዱ የንጽጽር መመሪያ

«የትኛው ሮም ይሻላል?» ብላችሁ ስትጠይቁት «ስልካችሁ ምንድን ነው?» ብሎ መልሶ የማይጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ምክሩን እለፉት። ሮም ስል ከፋብሪካው ሲስተም ፈንታ ስልኩ ላይ የሚጫነውን ሌላ የአንድሮይድ ሲስተም ማለቴ ነው። አንዱ ሞዴል ላይ ያለ እንከን የሚሠራ ሮም፣ የዚያው አምራች ሌላ ሞዴል ላይ ሲጫን ካሜራው አልከፍት ይላል፣ ሲደወል ድምፅ አይሰማም። የሮሙ ስም አንድ ቢሆንም ለእያንዳንዱ ሞዴል የሚያዘጋጀው ሰው የተለያየ ነው። ሜንቴነር ይሉታል። ብዙ ጊዜ በትርፍ ሰዓቱ፣ ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው። ስልኩን ራሱ የሚጠቀምበት ከሆነ ችግሩን ከእናንተ ቀድሞ ያየዋል። ስልኩን ሸጦ ሌላ የገዛ ዕለት ግን ሮሙም እዚያው ሊቀር ይችላል።

እኔ ሮም ስመርጥ ሁለት ነገር አያለሁ። ለዚህ ሞዴል ዛሬም እየሠራ ያለ ሜንቴነር አለ? ነገሩ ቢበላሽ ወደ ፋብሪካው ሶፍትዌር መመለስ ይቻላል? ቀለሙና አይኮኑ፣ የባትሪው ወሬ የሚመጣው እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚመርጠው በስክሪንሾት ነው።

መጀመሪያ ቡትሎደሩ ይከፈታል ወይ?

ቡትሎደር ማለት ስልኩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳውና የትኛው ሲስተም እንዲነሳ የሚፈቅደው ፕሮግራም ነው። እሱ ካልተከፈተ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ወሬ ለእናንተ አይሆንም።

በዚህ በኩል አምራቾች ለየቅል ናቸው። የጉግል ፒክስል ቀላሉ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ትፈቅዳላችሁ፣ ከዚያ ከኮምፒውተር አንድ ትዕዛዝ ትልካላችሁ፣ አለቀ። አሜሪካ ውስጥ በቬራይዘን በኩል የተሸጡ ፒክስሎች ግን እንደተቆለፉ ይቀራሉ። ያገለገለ ፒክስል ስትገዙ ሴቲንግ ውስጥ ያለው መፍቀጃ ሊነካ መቻሉን ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዩ። ሻዎሚ ላይ በአካውንት አመልክቶ መጠበቅ አለ። የተለመደው 168 ሰዓት ነው፣ ሃይፐርኦኤስ የተባለው የሻዎሚ ሲስተም ከመጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ጠበቅ ብሏል። ሁዋዌ የመክፈቻ ኮድ መስጠት ያቆመው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ሳምሰንግ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ከፋብሪካው ውጭ የሆነ ሶፍትዌር ስትጭኑ ኖክስ የሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ቺፑ ላይ ያለ ፊውዝ ያቃጥላል። ያ ፊውዝ አይተካም። ዋናውን ሶፍትዌር መልሳችሁ ብትጭኑ እንኳ ሳምሰንግ ፔይና ሴኪዩር ፎልደር ከዚያ ስልክ ላይ ለዘለዓለም ተሰናብተዋል።

ሲከፈት ደግሞ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፎቶና ስልክ ቁጥር ባክአፕ ማድረግን ሰው አይረሳም። የሚረሳው ኦተንቲኬተር አፑን ነው። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ኮዶቻችሁ እዚያ ብቻ ካሉ፣ ወደ ሌላ ስልክ ሳታዛውሩ ቡትሎደሩን ከከፈታችሁ፣ ከገዛ ኢሜይላችሁ ደጅ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ሌላም የምታጡት አለ። የባንክ አፖች ፕሌይ ኢንቴግሪቲ በሚባለው የጉግል አገልግሎት ስልኩ እንዳልተነካካ ያጣራሉ። ከ2025 ወዲህ ማጣሪያው በቺፑ ላይ ባለ ማረጋገጫ ላይ ስለሚደገፍ ማታለሉ ከበፊቱ ከብዷል። ዛሬ የሚሠራው ዘዴ ከወር በኋላ ላይሠራ ይችላል። ዋይድቫይን የሚባለው የቪዲዮ ጥበቃም ከደረጃ 1 ወደ ደረጃ 3 ሊወርድ ይችላል። ያኔ በክፍያ የምታዩት ፊልም በ480 ፒ ጥራት ብቻ ይመጣል። የባንክ አፕ በየቀኑ የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ስልክ ከሌለው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዋና ስልኩን ባይነካ ይሻለዋል።

ሳይከፍቱ የሚሠራ ነገር

ሮም ቀይሩልኝ ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ሮም አይደለም። ከስልኩ ጋር የመጣው የማይጠፋ አፕ አሰልችቷቸዋል፣ ወይም ስልኩ ከብዷቸዋል። ለዚህ ቡትሎደር መክፈት አያስፈልግም።

ኤዲቢ በሚባለው፣ ከኮምፒውተር ለስልኩ ትዕዛዝ በሚልከው መሣሪያ አፑን «ለተጠቃሚ 0» ማራገፍ ይቻላል። አፑ ከሲስተሙ ክፍል አይወጣም፣ ለእናንተ ግን የለም ማለት ነው። ፋክተሪ ሪሴት ስታደርጉ ተመልሶ ይመጣል። ጥሩነቱም እሱ ነው፦ ቢሳሳቱ መመለሻ አለው። ስሙን የማታውቁትን አፕ ግን አትንኩ። ዋናውን የስክሪን አፕ ወይም ኪቦርዱን ምትክ ሳይጭኑ ያነሱ ሰዎች ፓስወርድ መጻፍ አቅቷቸው ስልኩን ከዜሮ ለመጀመር ተገደዋል።

ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ (ሴቲንግ ውስጥ ያለው የገንቢዎች ክፍል) ውስጥ ያሉትን ሦስቱን የአኒሜሽን ፍጥነቶች ወደ 0.5 ማውረድ ደግሞ ስልኩን ፈጣን ያስመስለዋል። ማስመሰል ነው፣ ፕሮሰሰሩ ያው ነው። ግን ብዙ ሰው ሮም ቀይሮ «ቀለለኝ» የሚለው ስሜት ግማሹ ይኸው ነው።

ሊኒየጅኦኤስ፣ ግራፊንኦኤስ፣ ኢኦኤስ እና ሌሎቹ

ሊኒየጅኦኤስ የሳያኖጅንሞድ ወራሽ ነው። ሳያኖጅንሞድ በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ ሥራውን ይዞ ቀጠለ። ከሁሉም በላይ ብዙ ሞዴል የሚደግፈው እሱ ነው፤ አምራቹ የረሳውን ስልክ አዲስ አንድሮይድ ላይ የሚያስቀምጠውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የምወድለት ግን ሌላ ነው። አንድ ሞዴል በይፋ ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ የሚጠየቀው መስፈርት ተጽፎ ተቀምጧል። ጥሪ፣ ዋይፋይ፣ ካሜራ፣ ብሉቱዝ መሥራት አለባቸው፤ ኤስኢሊኑክስ የሚባለው የውስጥ ጥበቃም መብራት አለበት። ስለዚህ «ኦፊሻል» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ትርጉም አለው። የጉግል አፖች አብረውት አይመጡም። ከፈለጋችሁ ሮሙን እንደጫናችሁ፣ ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታስነሱት በፊት፣ ከሪከቨሪው (ከዋናው ሲስተም ውጭ ከሚነሳው የመጫኛ ክፍል) ላይ ነው የሚጨመሩት። ስልኩ አንዴ ከተነሳ በኋላ መጨመር ችግር ያመጣል፤ መልሶ ማጽዳት ይጠይቃል። መልኩ ደረቅ ነው ይሉታል። እኔ ግን ደረቅነቱን እንደ ጥቅም ነው የማየው፣ የሚበላሽ ነገር አነስተኛ ነውና።

ግራፊንኦኤስ በፒክስል ስልኮች ላይ ነው የሚጫነው። ይህ ለብዙ አንባቢ በሩን ይዘጋል፣ ምክንያት ግን አለው። ከጫናችሁት በኋላ ቡትሎደሩን በራሱ ቁልፍ መልሳችሁ ትቆልፋላችሁ። ስልኩ ሲነሳ ሲስተሙ እንዳልተነካካ ራሱን ያጣራል። ሌሎች ከስተም ሮሞች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቡትሎደሩ እንደተከፈተ ይኖራል። ስልኩ በሌባ እጅ ቢገባ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የጉግል ፕሌይ አገልግሎትን ከፈለጋችሁ እንደ ማንኛውም ተራ አፕ፣ ያለ ልዩ ሥልጣን ይጫናል። ከፒክስል 8 ጀምሮ ባሉት ስልኮች ላይ የሜሞሪ ጥቃትን የሚይዘውን የቺፕ ጥበቃም ይጠቀማል፤ ጉግል ለእነዚህ ስልኮች 7 ዓመት አፕዴት ስለሚሰጥ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። መጫኛው ከብራውዘር ላይ ነው። ገመዱን ሰክታችሁ በቅደም ተከተል ቁልፎቹን ትጫናላችሁ። ከሁሉም ቀላሉ አጫጫን ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሩት ማድረግ (በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን መያዝ) ለሚወድ ግን አይሆንም። የሚያዘጋጁት ሰዎች ሩትን አይደግፉም፣ ብትጨምሩበትም የመጣችሁበትን ጥበቃ በገዛ እጃችሁ ታፈርሱታላችሁ።

ኢኦኤስ ከሊኒየጅኦኤስ ላይ የተሠራ ነው፤ የማንድሬክ ሊኑክስ መሥራች ጋኤል ዱቫል የጀመረው። ዓላማው ከጉግል መገላገል ነው። የጉግልን አገልግሎት ማይክሮጂ በሚባል ክፍት ምትክ ይተካዋል። ተጭኖበት የሚሸጥ ስልክም አለ፤ መነካካት ለማይፈልግ ዘመድ የሚሆነው እሱ ነው። አዲስ የአንድሮይድ ስሪት ግን ዘግይቶ ይደርሰዋል። በማይክሮጂ ላይ አብዛኛው ኖቲፊኬሽን ይሠራል፣ አንዳንድ አፕ ግን እምቢ ይላል፤ የትኛው እንደሆነ ሳይሞከር አይታወቅም።

ሲአርድሮይድና ኢቮሉሽን ኤክስ ደግሞ ለማስጌጥ የተፈጠሩ ናቸው። የባትሪ አይኮን፣ የሰዓት ቅርጽ፣ የኖቲፊኬሽን ቀለም፣ የቁልፎች ተግባር፣ ሁሉም ይቀየራል። ጥሩ ሜንቴነር ካላቸው ያስደስታሉ። ሞዴሉ ላይ የሚሠራው ሰው ልጅ ወይም አዲስ ከሆነ ግን በየአፕዴቱ አንድ ነገር ተስተካክሎ አንድ ሌላ ይበላሻል።

ጂኤስአይ፣ ማለትም ለአንድ ሞዴል ብቻ ያልተሠራ አጠቃላይ ሲስተም፣ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ከአንድሮይድ 8 (2017) ጀምሮ ትሬብል በሚባለው አሠራር ሲስተሙና የአምራቹ ክፍል ተለያዩ። ስለዚህ አንድ አጠቃላይ ሲስተም በብዙ ስልኮች ላይ ይነሳል። «ይነሳል» ማለት ግን «ይሠራል» ማለት አይደለም። ከስክሪን ሥር ያለ የጣት አሻራ፣ የስክሪን ብርሃን ማስተካከያ፣ በ4ጂ ላይ የሚደረግ ጥሪ፣ እነዚህ ናቸው ቀድመው የሚያስቸግሩት። ለሞዴላችሁ የተሠራ ሮም ጭራሽ ከሌለ ሞክሩት። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ባሉ ስልኮች ላይ ዲኤስዩ በሚባለው መንገድ ጂኤስአይን ዋናውን ሲስተም ሳይነኩ ማስነሳት የሚቻልበት ዕድል አለ። ስልኩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ወደ ድሮው ትመለሳላችሁ። ለመቅመስ ከዚህ የተሻለ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሮምም ይሞታል። ፒክስል ኤክስፒሪየንስ ስንት ሰው የተጠቀመበት ሮም ነበር፣ በ2024 ተዘጋ። ካሊክስኦኤስ በ2025 አፕዴት መልቀቁን ለጊዜው አቁሜያለሁ ብሎ ተጠቃሚዎቹን አስጠነቀቀ። ስለዚህ ሮሙን ከመጫናችሁ በፊት ለሞዴላችሁ የመጨረሻው ፋይል መቼ እንደወጣ ቀኑን እዩ። ስድስት ወር ያለፈው ከሆነ ሜንቴነሩ ሄዷል ብላችሁ አስቡ።

ሩትስ?

ሮም መቀየርና ሩት ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፋብሪካውን ሶፍትዌር እንደያዛችሁ ሩት ማድረግ ትችላላችሁ። የካሜራ ጥራት ለሚወድ ሰው ይህ መንገድ ይሻላል፤ የአምራቹ ካሜራ ሶፍትዌር ከስተም ሮም ላይ ብዙ ጊዜ አብሮ አይመጣምና።

ማጂስክ የቆየውና ብዙ ሰው የሚያውቀው የሩት መሣሪያ ነው። የቡት ፋይሉን ስልኩ ላይ ይቀይረዋል፣ እናንተ በፋስትቡት (ከኮምፒውተር ወደ ቡትሎደሩ ፋይል በሚልከው መሣሪያ) ትጭኑታላችሁ፤ ሲስተሙ ራሱ አይነካም። በአንድሮይድ 13 ወይም ከዚያ በኋላ የወጡ ስልኮች ላይ የሚቀየረው ኢኒትቡት የሚባለው ፋይል ነው። ብዙ ሰው ይህን ስቶ የተሳሳተውን ይቀይርና «አልሠራም» ይላል። ከርነልኤስዩ የሚባለው ሌላው መሣሪያ ሩቱን ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያስገባዋል። መደበቁ ከማጂስክ ይሻላል ይባላል፤ ነገር ግን 5.10 እና ከዚያ በላይ ከርነል ባላቸው ስልኮች ላይ ነው የሚመቸው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ከርነሉን ራሳችሁ ማዘጋጀት ሊጠበቅባችሁ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ማጂስክ ይበቃል።

ሳይጫን በፊት የሚያዝ ነገር

የፋብሪካው ሶፍትዌር ሙሉ ፋይል፣ ለእናንተ ሞዴልና ክልል የሆነው፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ መኖር አለበት። ቡትሉፕ ውስጥ ገብቶ አርማውን እያሳየ የሚመላለስ ስልክ ይዞ ፋይል መፈለግ ከባድ ነው። ያወረዳችሁትን ፋይል ሻ-256 ቁጥሩን (ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን) አመሳክሩ፤ በግማሽ የወረደ ፋይል ስንቱን አስለቅሷል። አይኤምኢአይ ቁጥሩ ያለበትን ክፍል (ሳምሰንግ ላይ ኢኤፍኤስ ይባላል) መያዝ ከቻላችሁ ያዙ። እሱ ከጠፋ ስልኩ ኔትወርክ አይዝም፣ ከሌላ ስልክ ተገልብጦም አይተካም።

ሁለት አደጋዎችን ለየት አድርጌ ልጥቀስ። አንደኛው ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክለው ቆጣሪ ነው። ፒክስል 6 በ2022 ወደ አንድሮይድ 13 ሲሸጋገር የቡትሎደሩ ቆጣሪ ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ የአንድሮይድ 12ን ቡትሎደር መልሶ የጫነ ሰው ስልኩ ላይነሳለት ይችላል። ሻዎሚም በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ተመሳሳይ ነገር አለው። ሁለተኛው ቡትሎደሩን በችኮላ መልሶ መቆለፍ ነው። ከስተም ሮም ላይ እያላችሁ፣ ሮሙ ይህን እደግፋለሁ ሳይል ከቆለፋችሁ፣ ስልኩ የማያውቀውን ሲስተም አላስነሳም ይላል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

አዲሱን ሮም መፈተን

የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቀናት የባትሪ ውጤት እርሱት። ስልኩ አፖችን እንደ አዲስ ያዘጋጃል፣ ፎቶዎችን ይዘረዝራል፣ ያለፈውን ሁሉ ያመሳስላል። ይሞቃልም፣ ባትሪም ይበላል። በዚህ ጊዜ «ይሄ ሮም ባትሪ ይጨርሳል» ብሎ ወደ ሌላ የሚዘል ሰው ሁሌም የመጀመሪያ ቀን ላይ ነው የሚኖረው።

ከዚያ በኋላ ማታ ስትተኙ ፐርሰንቱን ጻፉ። ዋይፋዩ በርቶ፣ ሲሙ ገብቶ፣ እንደ ወትሮው አስቀምጡትና ጠዋት እዩት። በሰዓት ከ1 በመቶ በታች ከወረደ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ አፕ ወይም ሞደሙ ስልኩን አላስተኛውም ማለት ነው። በአውሮፕላን ሞድ አንድ ሌሊት ደግሙት። ውጤቱ ከተስተካከለ ችግሩ ከኔትወርኩ ወገን ነው፣ ሮሙ ላይ አትፍረዱ።

ሌላውን ፈተና ሰው ዝም ብሎ ስለሚዘለው በዝርዝር ልናገር። ደውሉ፣ ስልኩንም ጆሯችሁ ላይ አድርጉት፤ ስክሪኑ ይጠፋል? ከጆሮ ስታነሱት ይበራል? በስፒከር ስታወሩ ያኛው ወገን ይሰማችኋል? በብሉቱዝ ኢርፎን ሙዚቃ መሥራቱ ጥሪ ይሠራል ማለት አይደለምና ለየብቻ ሞክሩት። ሁለተኛውን ሲም፣ ሆትስፖቱን፣ ጂፒኤሱን፣ ሁሉንም የካሜራ ሌንሶች አንድ በአንድ፣ ቪዲዮ መቅረጽንም ጨምሮ። ቻርጀሩን ስትሰኩ የድሮው ፍጥነት አለ? በመጨረሻ ኤዲቢ ላይ ጌትኢንፎርስ የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ። «ፐርሚሲቭ» ብሎ ከመለሰ ሜንቴነሩ ችግሩን መፍታት ሲያቅተው ኤስኢሊኑክስ ያልነውን ጥበቃ አጥፍቶታል ማለት ነው። የቱንም ያህል ቢያምር ያን ሮም ዋና ስልኬ ላይ አላስቀምጥም።

መነካካቱ

ከርነል መቀየር፣ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ መቀነስ፣ የሲፒዩውን ጋቨርነር (ፍጥነቱን የሚወስነውን) መለወጥ... እዚህ ጋ ብዙ ተረት አለ። አዳዲስ ስልኮች ላይ ስኬድዩቲል የሚባለው ጋቨርነር በነባሪ አለ፣ ሥራውንም ያውቃል። «ፐርፎርማንስ» ላይ ማድረግ ስልኩን ያሞቀዋል፤ ሲሞቅ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከጥቂት ደቂቃ ጌም በኋላ ከመጀመሪያው የባሰ ቀርፋፋ ታገኙታላችሁ። የሙቀት መቆጣጠሪያውን የሚያጠፋ ሞጁል (ማጂስክ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ካያችሁ አትጫኑ። ባትሪ የሚጎዳው በሙቀት ነው።

እውነተኛ ለውጥ የሚያመጣው የስክሪኑን ፍጥነት ከ120 ወደ 60 ኸርዝ ማውረድና ከጀርባ የሚሠሩ አፖችን መገደብ ነው። ራም ለሚያንሰው ስልክ ዚራም (ራም ላይ ያለውን ጨምቆ ቦታ የሚያተርፈውን) ማስፋትም ይረዳል። «ባትሪ በእጥፍ የሚጨምር» ተብሎ የሚዞር የማጂስክ ሞጁል ግን ውስጡን ከፍታችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ አንድሮይድ ጭራሽ የማያነባቸው መስመሮች ናቸው።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሮሙን፣ ከርነሉንና ሦስት ሞጁል በአንድ ምሽት የጫነ ሰው ስልኩ በራሱ ጠፍቶ ሲበራ ጥፋተኛውን አያገኘውም። ሞጁል ጭናችሁ ስልኩ አልነሳ ካለ ደግሞ አትደንግጡ። ሲበራ ድምፅ መቀነሻውን ይዛችሁ ወደ ሴፍ ሞድ ከገባችሁ ማጂስክ ሞጁሎቹን ያጠፋቸዋል።

በራሱ የሚጠፋና የሚበራ ስልክ ካላችሁ፣ ተነስቶ ሲበራ ወዲያው በሩት ፒስቶር የሚባለውን ፎልደር ክፈቱ። ከርነሉ ከመሞቱ በፊት የጻፋቸው የመጨረሻ መስመሮች እዚያ ይቀመጣሉ። ያሉት ራም ላይ ስለሆነ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ካጠፋችሁት አብረው ይሄዳሉ። ለሜንቴነሩ ስትጽፉ እሱን ፋይል፣ የሮሙን ቀን፣ የትኛው ከርነልና ሞጁል እንዳለ አያይዛችሁ ላኩ። «ስልኬ ችግር አለበት» የሚል መልእክት በቀን ስንት እንደሚደርሰው አስቡት፤ የእናንተ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነበበው ሎግ ስላለበት ነው።